ከላይ የተቸነከሩ ስሞች

ዙራካን ዝምተኛ ናት ቢባል ልክ አይሆንም። ትናገራለች፤ ግን ከመናገሯ በፊት ነገሩን ገበያ ላይ እንዳለ ሐብሐብ አንሥታ፣ መታ መታ አድርጋ የምታዳምጠው ይመስለኛል። ከሰፈሯ ሴቶች ጋር ስትሆን ትስቃለች፣ ትቀልዳለች፣ ሰውም ታማለች። ቢሮ ስትገባ ግን አፏ ይታሰራል። ቢሮ የምንለው የውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበር የተቀመጠበት የድሮው የወተት መሰብሰቢያ ቤት ነው፤ ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ የተቀባ፣ ወተቱ ከቀረ ስንት ዘመኑ፣ እስከ ዛሬ ግን የኮመጠጠ ወተት የሚሸት። በዚያን ጊዜም ወተቱን የምትመዘግበው እሷ ነበረች። የጋራ እርሻው ፈርሶ ላሞቹ ሲከፋፈሉ ሁሉም የደረሰውን እየነዳ ሄደ፤ የቤቱ ቁልፍ እሷ እጅ ላይ ቀረ። መልሺ ያላትም፣ ውጪ ያላትም አልነበረም።

ባሏ ሩሲያ ነው፤ የሰው ቤት ይሠራል። በዓመት አንዴ ይመጣል፣ የራሱን ጣራ ይጠግናል፣ ይሄዳል። እሷ የምትኖረው በታችኛው ሰፈር፣ ከታችኛው ሰፈርም በመጨረሻው ቤት ነው። ከማሳዋ ወዲያ ድንጋይና እሾህ ብቻ ነው ያለው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የነገሩ ሁሉ ሥር ስለሆነ ነው። ውኃው ከተራራው ሲወርድ መጀመሪያ የሚያገኘው የእኛን የላይኞቹን አትክልት ነው፤ መጨረሻ የሚያገኘው፣ የተረፈ ውኃ ካለ፣ የእሷን በቆሎ ነው።

ኮምፒውተሩ ከመምጣቱ በፊት ውኃ የሚከፋፈለው በቃልማት ጭንቅላት ነበር። ቃልማት የመንደሩ ውኃ አዳይ ነው፤ አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ ቦይ ለቦይ ሲዞር የሚውል፣ ድምፁ ተራራውን የሚያስተጋባ ሰው። ተራውን የሚይዘው በቃሉ ስለነበር በየበጋው አንድ ሰው በአካፋ ይፈነከት ነበር። በኋላ ወረዳው አሮጌ ኮምፒውተር ሰጠንና ዙራካንን ለሥልጠና ላካት። ተመልሳ ሰንጠረዥ ሠራች። ለእያንዳንዱ አባወራ አንድ ረድፍ፤ ከላይኛው ሰፈር ጀምሮ በመካከለኛው በኩል እስከ ታችኛው፣ ልክ ቦዩ እንደሚወርደው። ውኃ ያገኘ ሰው ከስሙ ፊት፣ ለዚያ ዙር በተሠራው ዓምድ ላይ፣ ምልክት ይደረግለታል። ከሁሉ በላይ ባለው ረድፍ ላይ ደግሞ ገና ያልደረሳቸው ስንት እንደሆኑ ሰንጠረዡ ራሱ ቆጥሮ ያሳያል። ያ ቁጥር ዜሮ ሲሆን ዙሩ ተዘጋ ማለት ነው፤ ውኃው እንደገና ከአናት ይጀመራል። ሰው ወደደው። ከዚያ በኋላ በአካፋ የተመታ ሰው አላየንም። «ይሄ ዕቃ የማንም አክስት ልጅ አይደለም» ይሉ ነበር፤ እኔም ብያለሁ።

ሰንጠረዡ መጀመሪያ የታየ ዕለት የማኅበሩ ሊቀመንበር ጆልቾሮ ሽማግሌዎችን ሰብስቦ አግዳሚ ላይ አስቀመጠን። ጆልቾሮ ትምህርት ቤት ሳለ ተማሪዬ ነበር፤ ያኔም ፊት ነበር የሚቀመጠው። ዙራካን የማውሷን ጎማ በጣቷ አንከባለለች። ስሞቹ ወደ ላይ መንቀሳቀስ ጀመሩ፤ የመጀመሪያዎቹም በስክሪኑ አናት በኩል እየገቡ ጠፉ። በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጡት ሳታርኩል አታ፣ አታ አባት ማለት ነው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ብድግ አሉ።

«የት ገባሁ?»

«አሉ አታ፣ ከላይ አሉ። አይታዩም እንጂ» አለች ዙራካን።

«ካልታየሁ ምኑን አለሁት! የመንደሩ ሰው ሁሉ ከእግሬ ሥር እየተነሣ በአናቴ ላይ ሲሄድ በዓይኔ በብረቱ እያየሁ?»

ሰው ሳቀ። ጆልቾሮ ግን አልሳቀም። በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ከበሩ ፊት ለፊት፣ ከውስጥ፣ ከሁሉ ከፍ ባለው ቦታ ይቀመጣል፤ ከእሱ በላይ አልፎ የሚቀመጥ የለም። ስሙስ ቢሆን? «ዙራ፣ አስተካክይው። አባቶች ከላይ ተገፍትረው የሚወጡበት ሰንጠረዥ እኔ ቢሮ አይገባም» አላት።

እሷም ፈልጋ አገኘችው። ፕሮግራሙ ውስጥ ከላይ ያሉትን ረድፎች ባሉበት ቸንክሮ የሚያቆም መላ አለ፤ ሌላው ሲንቀሳቀስ እነሱ ንቅንቅ አይሉም። የተሠራው ለዓምዶች ርዕስ ነው አሉ። እሷ ለሽማግሌ አደረገችው። ሳታርኩል አታ ጎማውን ራሳቸው አንከባለው፣ ሌላው ሰው ከሥራቸው ሲያልፍ እሳቸው እንደ ድንጋይ ቆመው ሲቀሩ አይተው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መረቋት።

ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነ። የነቢዩን ዕድሜ፣ ስልሳ ሦስትን የሞላ ወንድ ሁሉ፣ ሚስቱ በዘይት የጠበሰችውን ሊጥ፣ ቦርሶክ የምንለውን፣ በጨርቅ ቋጥሮ ቢሮ ይመጣል። ዙራካን ስሙን ከታች አንሥታ ከላይ ትቸነክረዋለች። ውኃው ያው ቦዩን ተከትሎ ነው የሚሄደው፤ ክብሩ የስም ብቻ ነው። ግን ሰው በስሙ ስንት ነገር ያደርጋል! እኔም ተራዬ ሲደርስ ሄጃለሁ፤ ከተቸነከሩት የመጨረሻው ስም የእኔ ነው። የሞተውን ሰው ስም ግን የሚያነሣ አልተገኘም። ማን ደፍሮ? ልጆቹ እየመጡ ያዩታል። ከሁሉ አናት ያለው ስም የጆልቾሮ አባት፣ የአልምቤክ አታ ነው፤ ከሞቱ ቆይተዋል። ጆልቾሮ ጠዋት ጠዋት ቢሮ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

ዘንድሮ በረዶው ሲቀልጥ መብራት ሄዶ ሲመለስ ትልቁ ስክሪን ጧ ብሎ ጨሰ። ከትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት አንዲት ትንሽ ስክሪን ተገኘች። በዚያው ወራት የጆልቾሮ ዓይን ሞራ ጀመረው። «ፊደሉን አሳድጊው ዙራ፣ ጉንዳን በግድግዳ ላይ የሚሄድ ነው የሚመስለኝ» አላት። አሳደገችው። ሽማግሌዎቹም ስማቸው ትልቅ ሆኖ ሲያዩት ደስ አላቸው። እኔም መነጽሬን ሳላወጣ አነበብኩት።

በበጋው መጀመሪያ ቃልማት መጥቶ ከመካከለኛው ሰፈር ማን እንደቀረ ጠየቃት። ጎማውን አንከባለለች። ሰንጠረዡ ንቅንቅ አላለም። ደግማ አንከባለለች። በስክሪኑ ላይ ከአናት እስከ ጠርዝ የእኛ የሽማግሌዎቹ ስም ተደርድሯል፤ ከእኛ በታች ማንም የለም።

«ይሄ ነገር ልክ እንደ ሊቀመንበራችን ከወንበሬ አልነሣም ብሏል» አለ ቃልማት።

ከዚያ ያላደረገችው የለም። የጎማውን ቆሻሻ በመርፌ አወጣች። ማውሱን ለወጠች። ኪቦርዱን ገልብጣ አራገፈችው። የሰፈሯ ሴቶች ኮምፒውተሩ በዓይን ተበልቷል ሲሏት አርቻ የምንለውን የተራራ ጥድ አምጥታ ጥግ ጥጉን አጠነችው፤ ይህን ስትነግረኝ ራሷም ሳቀች። አልሆን ሲላት ሰንጠረዡን በፍላሽ ይዛ የወረዳው ገበያ ላይ ካለው ጠጋኝ ዘንድ ሄደች። ሰውዬው ሱቁ ውስጥ በር የሚያህል ስክሪን አለው። ከፈተው፤ ጎማውን ነካ ቢያደርገው ስሞቹ ሽው ብለው ሄዱ።

«ኤጄ» አላት፤ ታላቅ እህቴ ማለቱ ነው። «ይኸው ይጋልባል እኮ! ምኑ ነው የቆመብዎት?»

«እኛ ቤት አይሄድም።»

«እንግዲያው እርስዎን ሲያይ ነው የሚያፍረው። እስቲ ፈገግ ይበሉለት።»

ፈገግ ሳትል ተመለሰች። ቢሮ ስትከፍተው እንደገና ድንጋይ ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ጥፋቱ ከዕቃው ሳይሆን ከእሷ ነው ብላ አመነች። እንዲህ ያለ እምነት ሰው ላይ ሲያድር ምን እንደሚያደርግ ብዙ አይቻለሁ፤ ጥያቄ መጠየቅ ያስተወዋል።

ስለዚህ በጭፍን መሥራት ጀመረች። ወደ ታች የሚወስደውን ቁልፍ ስትጫን የቆመችበት ሳጥን ከስክሪኑ ጠርዝ በታች ወርዶ ይጠፋል። እሷ በልቧ እየተከተለች፣ አሁን እገሌ ላይ ደርሻለሁ፣ አሁን እገሌን አለፍኩ እያለች ትወርዳለች፤ በጨለማ ጓዳ እጅን ከቶ የጨው ዕቃ እንደመፈለግ። የመካከለኛው ሰፈር በሙሉ ውኃ ያገኘ ዕለት፣ አንድ በአንድ መውረዱ ስለሰለቻት ምልክቱን ከላይ ይዛ ወደ ታች ሳበችው። የት ላይ መልቀቅ እንዳለባት አይታያትም። ሳበችው፤ ሄደ። የታችኛውን ሰፈር በሙሉ ይዞ እስከ መጨረሻው ረድፍ፣ እስከ ራሷ ስም ድረስ ሄደ።

ከላይ ያለው ቁጥር ዜሮ ሆነ። ያየው ቃልማት ነው፤ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። እሷ የኤሌክትሪክ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ሶኬት ለመንቀል ዞር ብላ ስትመለስ እሱ አካፋውን አንሥቶ ሄዷል። አመሻሽ ላይ ውኃው ወደ ታች መሄዱን ትቶ ወደ ላይኛው ሰፈር ተመለሰ፤ ሁለተኛው ዙር ተጀመረ። የታችኛው ሰፈር የመጀመሪያውን ገና አላየም።

በማግሥቱ ለጆልቾሮ ልትነግረው ሞከረች። «የታችኛው ሰፈር አልጠጣም፤ ምልክቱ ስህተት ሳይሆን አይቀርም» አለችው።

ጆልቾሮ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ ዜሮውን አየ። «አልቀረም ይላል።»

«አውቃለሁ። ግን…»

«ስሚ ዙራ። ያንቺ ማሳ የት ነው?»

ዙራካን በመስኮቱ ወደ ታች አየች።

«የት ነው? ንገሪኝ እንጂ። ታችኛው ሰፈር አይደለም? አሁን ላይኛው ሰፈር ገብቶ የጀመረን ውኃ ቁረጡ ብል፣ የቢሮዋ ሴትዮ ወደ ማሳዋ ጠለፈችው አይሉም? ያኔ ማን ነው ሰንጠረዡን የሚያምን? እንደገና በአካፋ ልንፈናከት ነው?»

እውነቱን ለመናገር ጆልቾሮ ክፉ ሰው አይደለም። የፈራውም ነገር የሚያስፈራ ነው። ግን ሰኔ ነበር፤ እኛ አገር ሰኔ በጋ ነው፣ ከሜዳው የሚመጣው ደረቅ ነፋስ ጀምሯል። ያ ነፋስ በነፈሰ በጥቂት ቀን ውኃ ያላገኘ ሽንኩርት ከሥሩ ይቃጠላል። የታችኛው ሰፈር ሰው ዓመቱን የሚገፋው በሽንኩርት ነው፤ ዙራካን ላሟን የበረዶውን ክረምት የምታሳልፈው በበቆሎ አገዳ ነው። ውኃው ካልወረደ ሁለቱም የሉም።

የዙራካን ጎረቤት ቡሩል ቢሮው መስኮት ሥር መጥታ ስትጮህ እኔም እዚያ ነበርኩ።

«ጆልቾሮ! ሽንኩርቴ አንገቱን ደፋ! ውኃው የት ገባ?»

«ቡሩል፣ ጠጥተሻል ይላል እኮ» አለ ጆልቾሮ በመስኮቱ።

«ማን? እኔ ወይስ ሽንኩርቱ? እኔ እንደሆንኩ ከጠዋት ሻይ እንኳ አልቀመስኩ!»

«ሰንጠረዡ ላይ…»

«ሰንጠረዡ ይምጣና ማሳዬ ውስጥ ይተከልልኝ! እሱን ሸጬ ልጆቼን ላብላ!» ከዚያ አንገቷን አስግጋ ወደ ውስጥ አየች። «ዙራ! አንቺስ ምላስሽን ድመት በላው? የማሳሽ አፈር ከማሳዬ አፈር ጋር አብሮ ሲሰነጠቅ እያየሽ ነው የምታድሪው!»

ዙራካን ጠረጴዛው ላይ ያለውን አቧራ በመዳፏ ጠረገች።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እኔ ቤት መጣች። ከሚሽሚሹ ዛፍ ሥር ባለው መደብ ላይ ሻይ ቀዳሁላት፤ ይዛው ቀረች እንጂ አልጠጣችም። ከመደቡ ሥር ቦዬ እየሮጠ ነው፤ የሁለተኛው ዙር ውኃ። እሷ አልጠቀሰችውም። ግን ዓይኗ እዚያ ላይ ነበር።

«አስተማሪ አታ፣ አገኘሁት» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ለምን እንደማይንቀሳቀስ። ዛሬ ጆልቾሮ ምሳ ሲሄድ ፊደሉን አሳነስኩት። ጭራሽ ሚጢጢ አደረግኩት። ከሥር ሰዎቹ ብቅ አሉ፤ ሁሉም። ጎማውን ስነካው ሄዱ።» የያዘችውን ብርጭቆ በእጇ አዞረች። «ድሮም ይሄዱ ነበር። ይሄዱ የነበረው ከስክሪኑ በታች ነው። ከላይ የተቸነከራችሁት እናንተ ስክሪኑን ሞልታችሁት ለነሱ ቦታ አልቀረም።»

ይህን ስትል አፈረች፤ ፊት ለፊት በልተሃል እንደተባለ ሰው የተሰማኝ ግን እኔ ነበርኩ። በወጣትነቴ ዋና ከተማ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ስማር ስለ ላይና ታች ብዙ ገጽ ሞልቻለሁ። አንድም ጊዜ ያልመጣልኝ ግን ይህ ነበር፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ያንን ስክሪን ስናይ ምንም የጎደለ አይመስልም። ሙሉ ነው። ሁላችንም አለን። የጎደለውን የሚያውቀው የጎደለው ሰው ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ መስኮት ሥር ቆሞ ይጮሃል።

«እና ምልክቱን ለምን ዝም ብለሽ አላጠፋሽም? ማንም አላየሽ» አልኳት።

«ለዚህ ነዋ። ማንም ሳያየኝ ያጠፋሁት እንደሆነ፣ ብቻዋን ዘግታ ለሰፈሯ ሠራችው ይላሉ። ከዚህ በኋላ የማደርገውን ምልክት ሁሉ አያምኑም። ሰው እያየ መሆን አለበት። ሰው እንዲያይ ደግሞ ፊደሉ ትልቅ መሆን አለበት፤ ጆልቾሮ ትንሹን አያነብም፣ ሳታርኩል አታ አያነቡም። ፊደሉ ትልቅ ከሆነ ደግሞ…» አቆመች።

«እኛ መነቀል አለብን።»

«እናንተማ ምንም አይደል፣ በሕይወት አላችሁ፣ ትሰማላችሁ» አለች። «የሞቱትስ? አልምቤክ አታስ? የጆልቾሮን አባት ስም ከላይ ወደማይታይ ቦታ ልሰድደው ነው?»

ሻይዋ ቀዘቀዘ። ስትሄድ ቦዩን ተራምዳ አላለፈችም፤ ዞራ በድንጋዩ ሄደች።

ዓርብ ከጸሎት በኋላ የላይኛውም የታችኛውም ሰው ቢሮው ፊት ተሰበሰበ። እኛ ሽማግሌዎቹ ቆባችንን እንዳደረግን ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ቃልማት በሩን ደግፎ ቆመ። ቡሩል መስኮቱን ይዛዋለች፤ ከኋላዋ የሰፈሯ ሴቶች አሉ። ዙራካን ከኮምፒውተሩ ጎን ቆማ ጉዳዩን ተናገረች። እጇን የት እንደምታደርግ ጠፍቷት ነበር፤ ግን አልተንተባተበችም። ምልክቱን በጭፍን ስባ እስከ መጨረሻ የወሰደችው ራሷ መሆኗን ተናገረች። ይህን ለሁሉም ለማሳየት የተቸነከሩት ስሞች መነቀል እንዳለባቸውም ተናገረች።

ጆልቾሮ ጠረጴዛውን መታ። «ስህተቱ ያንቺ! ቅጣቱ ለአባቶች! እንዲህ ነው?»

«ቅጣት አይደለም…»

«እነዚህን ሰዎች ቤትሽ ቢመጡ በር ላይ ታስቀምጫቸዋለሽ? ንገሪኝ! ጫማ ከሚወለቅበት ቦታ?»

«ጆልቾሮ፣ እኔ ቤት በራፉም ውስጡም አንድ ነው፣ ሁሉም ደርቋል!» አለች ቡሩል በመስኮቱ። ሴቶቹ ሳቁ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ሞተ።

«እኔ ዜሮ አይቼ ነው የሄድኩት» አለ ቃልማት። «ዜሮ ዜሮ ነው። ደግሞ ልትሉኝ ነው፣ ቃልማት ጠጥቶ ነበር።»

«ጠጥተህ አልነበረም ወይ?» አለ ከውጪ አንድ ሰው።

«ያ ሌላ ነገር ነው!»

እኔ ተነሥቼ የእኔን ስም ንቀሉት አልኩ። ቃሌ ምንም አልሠራም፤ የተቸነከሩት መጨረሻ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ፣ የእኔ መነቀል ለአንድ ረድፍ ብቻ ቦታ ይሰጣል። ጆልቾሮ በትሕትና «ይቀመጡ አስተማሪ አታ» አለኝ፤ ተቀመጥኩ።

ሳታርኩል አታ ጆሯቸው ከብዷል። ጎናቸው ያለውን ሰው ምን እንደተባለ ጠየቁት። በጆሯቸው ጮኾ ነገራቸው። ለረጅም ጊዜ ስክሪኑን አዩት።

«ከእኔ በላይ ያለው ማነው?» አሉ በመጨረሻ።

ሁሉም ያውቃል።

«አልምቤክ አታ ናቸው» አለች ዙራካን።

«አልምቤክ!» አሉ። «እኔና እሱ ይሄን ቦይ ስንቆፍር፣ ድንጋዩ አልፈርስ ብሎ፣ ታችኛው ጫፍ ላይ ነው ያደርነው። ታች። የዙራ ቤት ካለበት። ሌላ ቤት አልነበረም።» ወደ ጆልቾሮ ዞሩ። «አባትህ እግሩ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው የታመመው፣ ታውቃለህ?»

ሞራ ያለበት የጆልቾሮ ዓይን ውኃ አቀረረ፤ ከነፋሱ ይሁን ከሌላ አላውቅም።

«እጃችሁን ዘርጉ» አሉ ሳታርኩል አታ።

ዘረጋን። ለሞቱት ቁርዓን ቀሩላቸው፤ ስማቸውን ከሰንጠረዡ ላይ እያዩ አንድ በአንድ ጠሩ፣ ከአልምቤክ ጀምረው። ውጪ ያሉትም እጃቸውን ዘርግተው ነበር፤ ቡሩል በመስኮቱ ብረት መካከል መዳፏን አስገብታለች። መጨረሻ ላይ ሁላችንም ፊታችንን በመዳፋችን አበስን።

«አሁን ልቀቂን ልጄ» አሉ።

ዙራካን ማውሱን ያዘች። አንድ ቦታ ነካች፣ ሌላ ቦታ ነካች። በዓይን የተለወጠ ነገር የለም፤ ስሞቹ ባሉበት ናቸው። ከዚያ ጎማውን አንከባለለች። አልምቤክ ከስክሪኑ አናት ገብተው ጠፉ። ሳታርኩል ተከተሉ። እያንዳንዱ ስም ሲያልፍ አግዳሚው ላይ አንድ ሰው ይንቀሳቀሳል። የእኔ መጨረሻ ሄደ። ስክሪኑ ላይ ስሜን ፈልጌ አጣሁት፤ ሙሉ በሙሉ የሌለሁ መሰለኝ። ሰው በቁሙ ይህን ማየቱ ደግ ነው ወይስ ክፉ፣ እስከ ዛሬ አልወሰንኩም።

ከታች መካከለኛው ሰፈር መጣ፤ አለፈ። ታችኛው ሰፈር መጣ። ከሁሉም ስም ፊት ምልክት አለ።

«ያቺ እኔ ነኝ!» አለች ቡሩል። «ያቺ! እዩት፣ ጠጥታለች ተብያለሁ! ማን ነው ያጠጣኝ? ቃልማት፣ አንተ አጠጣኸኝ?»

ቃልማት ከበሩ ተላቆ መጣና አጎንብሶ አየ። ስም በስም አነበበ። «እዚህ ሰፈር ቦዩን አልከፈትኩም» አለ በዝቅተኛ ድምፅ። ያ ድምፅ ያለው አይመስለኝም ነበር።

«አጥፊው» አለ ጆልቾሮ።

ዙራካን ማጥፋት ጀመረች፤ ሁሉም እያየ፣ አንድ በአንድ፣ የእያንዳንዱን ስም እየጠራች። ከላይ ሄዶ የተሰወረው ቁጥር ዜሮ መሆኑ ቀርቶ እያደገ እንደነበር አሁን አስባለሁ፤ ያን ጊዜ ማንም አላየውም። መጨረሻው ረድፍ ላይ ደረሰች። የራሷ ነው። እጇ ቆመ።

«የኔን ተዉት» አለች።

«እንዴት ተዉት?» አለ ጆልቾሮ። «አንቺም አልጠጣሽም።»

«ይቆይ። የኔ ጠጥቷል ይበል።»

«ዙራ፣ ላምሽ…»

«ሊቀመንበር፣ አንተ ነህ ማሳሽ የት ነው ያልከኝ» አለችው። በቁጣ አልነበረም። ማውሱን ለቃ፣ የማንቆርቆሪያውን ሶኬት ሰክታ፣ ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች።

ቃልማት አንድ ሰዓት ሳይሞላ ውኃውን አወረደው። የላይኛው ሰፈር ሰው አጉረመረመ፤ ቦይ ላይ የተሳደቡም ነበሩ። የታችኛው ሰፈር ሽንኩርት ሁሉም አልዳነም፤ በጠርዙ ያለው ቀድሞ ተቃጥሎ ነበር። የቡሩል ግን ተነሣላት፤ በመስከረም መንደሩን በጆንያ ስትሞላው የነበረችው እሷ ናት። ውኃው ቡሩል ጋር ከደረሰ በኋላ ቃልማት አካፋውን ይዞ ዙራካን ማሳ አፍ ላይ ቆሞ ነበር። «ልክፈትልሽ፣ ማን ያያል?» ብሏታል። እንቢ ብላ መልሳዋለች። ቀጣዩ ዙር እስኪደርሳት ነፋሱ የሚያደርገውን አድርጎ ነበር።

አሁን ሰንጠረዡ ይሄዳል። የተቸነከረው አንድ ረድፍ ብቻ ነው፤ ቁጥሩ ያለበት። ስልሳ ሦስት የሞላው ሰው ቦርሶክ ይዞ ቢሮ መምጣቱን ትቷል፤ ሳታርኩል አታም ከዚያ ወዲህ አልመጡም። ተቀይመው ይሁን ደክሟቸው አልጠየቅኩም። ጆልቾሮ ጠዋት ሲገባ ጎማውን እስከ ላይ ያንከባልላል፣ አባቱን ያያል፣ እንደዚያው ትቶት ወደ ክፍሉ ይገባል። ዙራካን ተነሥታ ወደ ታች ትመልሰዋለች። ስለዚህ ጉዳይ ተነጋግረው አያውቁም።

በመከር በታችኛው ሰፈር ሳልፍ ማሳዋ ውስጥ ማጭድ ይዛ አየኋት። በቆሎው ከጉልበቷ አልዘለለም፤ ቅጠሉ ሲነካ ይሰበራል። ላሟን እህቷ ዘንድ ማዶ ልካታለች፤ በጸደይ ትመለሳለች አለችኝ፣ እህቷ ከመለሰቻት።

«ያቺ ምልክት እስካሁን አለች?» አልኳት።

«አለች።»

«ዙሩ ካለፈ ቆየ። አሁንማ ብታጠፊያት ማንም ምንም አይልሽም። ሐሰት ናት እኮ።»

ማጭዱን ድንጋይ ላይ ሳለች። «ያን ቀን የእኔንም ባጠፋ፣ የቡሩልን ሽንኩርት ማን ያምንልኝ ነበር?»

«ያን ቀን ያን ቀን ነው። አሁን ግን…»

«አስተማሪ አታ፣ እነዚህን ያዙልኝ» አለችና የቆረጠችውን አቀበለችኝ። ይዤ አሰርኩላት። ነዶዎቹ ትንንሽ ስለነበሩ ሥራው ቶሎ አለቀ።